ሰውነት ይለመናል

ማስተር አድማሱ ማረፉን የሰማሁት የአንድ ሙሽራ ሱሪ እየቆረጥኩ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ አነሳሁት። የደወለችው ቴፒ ያለችው እህቱ ናት፤ ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። «ተስፉ፣ ወንድሜ ሄደብኝ» አለችኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ። ቀጥሎ ያደረግሁትን ስነግራችሁ ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ። አንገቴን ቀስ አድርጌ ወደ ግራ አዞርኩት፣ ከዚያም ወደ ቀኝ፣ እሱ እንዳስተማረኝ። ሰው ሞተ ሲባል ሌላው ደረቱን ይመታል፤ እኔ አንገቴን አፍታታሁ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚዛን ተፈሪ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ እኔ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

ማስተር መጀመሪያ ወደ ሱቄ የመጣው ዶቦክ ሊያሰፋ ነበር። ዶቦክ የቴኳንዶ ልብስ ነው፤ ነጭና ሰፊ፣ ሲያዩት ሰፊን የማያስቸግር የሚመስል። በፌስታል ይዞት የመጣው አሮጌ ሱሪ ግን መሃል ለመሃል ተተርትሯል።

«ማን ነው ይሄን የሰፋው?» አልኩት።

«አዲስ አበባ ነው የተሰፋው።»

«አዲስ አበባ ሰው ቁጭ አይልም እንዴ?»

አልሳቀም። ሱቄ ጠባብ ናት። እሱ ግን በካውያው ጠረጴዛና በጨርቁ ክምር መሃል ቆመና እግሮቹን ወዲያና ወዲህ እየከፈተ ቁልቁል ወረደ። አንዱ እግሩ ከስፌት መኪናው ስር ገባ፣ ሌላው ደጃፉ ላይ ደረሰ። መንገደኞች ቆመው ማየት ጀመሩ። እሱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሻይ እንዳዘዘ ሰው ዘና ብሎ፣ «እንዲህ ስሆን የማይቀደድ ሱሪ ነው የምፈልገው» አለኝ። በሁለቱ እግሮች መሃል አራት ማዕዘን ጨርቅ መጨመር እንዳለበት ነገርኩት። ስለካው እሱ ደግሞ እኔን ያየኛል።

«አንገትህን ወደ ግራ አዙር እስቲ» አለኝ።

ዞርኩ። አብሮኝ ደረቴም፣ ወገቤም ዞረ።

«መኪናው አንተንም ሰፍቶሃል» አለ።

በገዛ ሱቄ ቆሞ ደንበኛ ሲተርበኝ አልወድም፤ ተርብ የእኔ ሥራ ነው። በማግስቱ ግን ወደ ልምምድ ቦታው ሄድኩ።

ቦታው በአጎራባቿ ከተማ በአማን በኩል ያለ አሮጌ የቡና መጋዘን ነው። ባለቤቱ ቡና በማይገባበት ወራት ያውሰናል፤ ለቀማ ሲደርስ ጆንያው ይገባና እኛ እንወጣለን። ሲሚንቶው ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፈን እንለማመዳለን። ስንጨርስ ልብሳችን ሁሉ የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ሽታ ይሸታል፤ ሚስቴ «ቴኳንዶ ነው ወይስ ጫኝና አውራጅ የተቀጠርከው?» ትለኝ ነበር።

ማስተር ሲያዩት ማስተር አይመስልም። አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጠጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ተወልዶ ያደገው ማጂ ነው፤ ቴኳንዶ የተማረው ጅማ። አንድ ቦታ ዝም ብሎ መቆም አያውቅም። ባጃጅ ሲጠብቅ ተረከዙን አጥር ላይ ይሰቅላል። ባንክ ቤት ተራ ሲጠብቅ እግሩን መስኮቱ ደፍ ላይ ሰቅሎ ጥበቃው አስወጥቶታል። ቡና የሚጭኑ ወዛደሮች ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ካየ መኪናው ስር ድረስ ሄዶ «እንዲህ ተንጠልጠሉ፣ እንዲህ ተንፍሱ» ይላቸዋል። ይስቁበታል፤ እሱ ዞር ሲል ግን ሲንጠለጠሉ አይቻለሁ።

አዲስ የመጣ ሰው እንዲመታ አይፈቅድም። ሌላ ክለብ የገቡት ሸክላ እየሰበሩ ፎቶ ሲነሱ እኛ መሬት ላይ ተዘርግተን እንተነፍሳለን። «ደረቅ ሰው ሲመታ የሚታገለው ከሁለት ሰው ጋር ነው» ይላል፤ «ፊት ለፊቱ ካለውና ከራሱ ጋር። የፊቱ ጡንቻ እግሩን ሊያነሳ ይለፋል፣ የኋላው ይጎትተዋል። ታዲያ ማንን ነው የመታኸው?» ብዙ ሰው ተሰላችቶ ቀረ። እሱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲለን እኔ «እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኛ በከዘራ እንሄዳለን» እለዋለሁ። ድምፅ ሳያሰማ ይስቅና በሁለት ጣቱ ወገቤን ጫን ያደርገዋል። «ተንፍስ። ሰውነት ይለመናል እንጂ አይታዘዝም።»

የሚያስቆጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየክለቡ የተለመደ ነው። ፈተና ሲደርስ እግሩ እስከ መሬት ያልወረደለትን ልጅ ሁለቱ ጉልበቶቹን ይይዙለታል፣ አንዱ ትከሻው ላይ ይቀመጥበታል። ልጁ ይጮሃል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፣ «ወረደ!» ይባላል። እኛ ጋ እንዲህ ያደረገ ሰው ጫማውን ይዞ ይወጣል፤ ልመናም አይሰማም፣ አማላጅም አይቀበልም።

ምህረት ወደኛ የመጣችው እንደዚያ ካስወረዷት በኋላ ነው።

አባቷ አቶ ደምሴ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው፤ ጉራጌ፣ ሥራ ወዳድ፣ ቁጡ። ልጁን ከኋላው አስከትሎ መጋዘኑ ድረስ መጣ። ቀኝ እግሯን ትጎትት ነበር። በሌላ ክለብ ትከሻዋ ላይ ተቀምጠውባት የጭኗ ጀርባ ጡንቻ ተበጥሷል። አቶ ደምሴ «ቆርቆሮ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ነው የተሰማው» ይላል፤ እሱ ግን በቦታው አልነበረም።

«እኔ ይቅርብሽ ብያት ነበር» አለ ማስተርን እያየ። «አልቅሳ ልትሞትብኝ ነው። ስማ ማስተር፣ ልጄን ተሸክመው ነው ያመጡልኝ። ሁለተኛ ተሸክመው ካመጧት ግን እኔና አንተ አንተዋወቅም።»

«እሺ» አለ ማስተር።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከዓመት በላይ መሬት ላይ ነበረች። ልምምድ ስንጀምር ሁሌ አጠገቧ ቁጢጥ ይልና «እግርሽ ምን አለ?» ይላታል። በመጀመሪያ ታፍር ነበር። በኋላ «ዛሬ አኩርፏል»፣ «ዛሬ ትንሽ ሰማኝ» ማለት ጀመረች። «አኩርፏል» ካለች ያን ቀን እግሯን ከጉልበቷ በላይ አታነሳም። እኛ በሆዳችን «ይቺ ልጅ ከእግሯ ጋር ተጋባች» እንላለን። እግሯ ግን ከፍ እያለ ሄደ። አንድ ቀን ማስተር እጁን ከራሱ በላይ ዘረጋ፤ ቀኝ እግሯ መዳፉን ጧ አደረገው። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ አፍንጫውን ጠረገ።

ከዚያ ወደ ክልል የሚሄዱት ልጆች መምረጫ ውድድር መጣ። ለምህረት የወጣቶቹ ምድብ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር፤ ያን ቀን ካላለፈች ዕድሜዋ አይፈቅድላትም። ይህን አባቷም ያውቃል፣ ማስተርም ያውቃል፣ እሷማ እንቅልፍ አጥታበታለች።

ውድድሩ ሚዛን አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከሌሊት ጀምሮ የያዘው ዝናብ አላባራም፤ የሚዛን ዝናብ ሲይዝ ይዞ ነው። ልጆቹ በጠዋት ተሰብስበው፣ ሮጠው፣ ተፍታተው፣ አልቧቸው ተሰለፉ። የክብር እንግዳው ግን አልመጣም። ጠበቅን። መጣ። ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ተናገረ፣ ከዚያ ሌላ። ልጆቹ በስስ ዶቦክ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ክፍት ነው፣ ነፋሱ ይገባል። የክብር እንግዳው ስፖርት ለጤና ያለውን ጥቅም ሲያብራራ ስፖርተኞቹ በብርድ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ማስተርን አየሁት። ተናጋሪውን አያይም። የሚያየው የምህረትን እግር ነው። እሷ በእጇ ጭኗን ትፈትጋለች።

ጎንበስ ብሎ ወደ አስተባባሪው ሄደ። «ጌታዬ፣ የመጀመሪያው ግጥሚያ ከመጀመሩ በፊት ለልጆቹ ጥቂት ደቂቃ ስጡልኝ። ለሁሉም ክለብ። በርደዋል።»

«ፕሮግራም ተይዟል ማስተር። እንግዳው ይቸኩላሉ።»

«እግር ይበጠሳል።»

«ሂድና ተቀመጥ በናትህ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። የፕሮግራሙን ተራ ጠየቀ፤ የመጀመሪያዋ ገቢ ምህረት ናት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳላውቅ እጁን ልይዘው ስል ተነሳ። አንዴ አጨበጨበ። ልጆቻችን ሁሉ ተነሱና ወደ አዳራሹ የኋላ ጥግ ሄደው፣ ሰውየው እየተናገረ፣ እግራቸውን ማሳሳብ ጀመሩ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንግዳው ንግግሩን አቋረጠ። በድምፅ ማጉያው ትንፋሹ ይሰማል። አዳራሹ ዞሮ እኛን ያያል፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምህረት ወገቧን አጥፋ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ለማድረስ ትታገላለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ እንግዳው።

አስተባባሪው እየሮጠ መጣ። «አንተ! ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው እንዴ የመጣኸው? እንግዳ እየተናገረ!»

«ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ» አለ ማስተር፤ ወዲያው፣ ሳያቅማማ፣ ወደ መድረኩ እጅ ነስቶ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቹ ግን ይሙቁ።»

«ልጆቹ ይቀመጡ! ንግግሩ እስኪያልቅ ማንም እንዳይንቀሳቀስ! አንተ ውጣ። ከዛሬ ጀምሮ ተወዳዳሪ ይዘህ እዚህ እንዳትመጣ።»

ልጆቹ ተቀመጡ፤ ሳይሞቁ። ማስተር ፎጣውን ከትከሻው አወረደና ለእኔ ሰጠኝ።

«ተስፉ፣ ጥጉን አንተ ያዝ። እግሯ ካልሞቀ አታስገባት።»

«ስሟ ከተጠራስ?»

«ይጠራ።»

ወጣ። በክፍቱ በር በኩል ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ይታያል። እኔ ልብስ ሰፊው አሰልጣኝ ሆኜ ቀረሁ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ።

ንግግሩ አለቀ፣ ተጨበጨበ፣ ያለ ምንም ፋታ ስሟ ተጠራ። የቴፒዋ ተጋጣሚ ገብታ ቆመች። እኔ ምህረት ፊት ተንበርክኬ ጭኗን በፎጣ እፈትጋለሁ፤ ጀርባዬ ለበሩ ነው። ቆዳዋ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ፣ ልግባ?» አለችኝ። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«ማስተር ያለውን ሰምተሻል።»

ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራች። ያኔ ከተመልካቹ መሃል አንድ ሰው ብድግ አለ፤ አቶ ደምሴ። ያ «ተሸክመው ካመጧት አንተዋወቅም» ያለው ሰው ክራባቱ ወደ ጎን ዞሮ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ይጮሃል። «ምህረት! ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ! ዕድልሽ አለፈ እኮ!»

ልጅቷ አባቷን አየች። ከዚያ በእኔ ትከሻ በላይ በሩን አየች፤ ረጅም ጊዜ። እጇን ጭኗ ጀርባ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ለሦስተኛ ጊዜ ስሟ ሲጠራ እጄን ከጉልበቷ ላይ አነሳችው፤ ልትገባ መሰለኝ። አልገባችም። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች፣ ቀኝ እግሯን ዘረጋች፣ ጎንበስ ብላ የእግሯን ጣቶች ያዘች። ዳኛው የሌላዋን እጅ አነሳ።

ወደ በሩ ዞርኩ። ማስተር እስከ ደፉ ገብቶ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል፣ ውሃው ከእጅጌው ይንጠባጠባል። አዳራሹም ያየው እሱን ነው። «በእጁ ከለከላት!» አለ አንዱ። «እዩት፣ ቁሚ አላት!» አለ ሌላው። እኔም ያየሁት ያንኑ ነው።

አቶ ደምሴ በሩ ላይ አገኘው። የሚመታው መስሎኝ መሃላቸው ገባሁ። አልመታውም።

«ተሸክመው እንዳያመጧት ነው ያልኩህ» አለው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «አንተ በቁሟ ጣልካት።»

ማስተር ከንፈሩን ከፈተ፣ ምህረትን አየ፣ ዘጋው። «እውነትህን ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ሚዛን ውስጥ የማስተር ስም «ያ ግትሩ» ሆነ። ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። መጋዘኑም የለቀማ ጆንያ ከገባበት በኋላ አልተመለሰልንም። አቶ ደምሴ መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ያዞራል፤ ማስተር ግን ሁሌ ቆሞ እጅ ይነሳዋል። እኔ ራሴ ብዙ ተጨቃጭቄዋለሁ። «እግሯ ይበጠስ ነበር ወይ?» ስለው «አላውቅም» ይለኛል። «ታዲያ የማታውቀውን ለምን ከለከልክ?» ስለው ተረከዙን አግዳሚው ላይ ይሰቅልና ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እንዴት እንደሚያናድድ! በመጨረሻ እህቱ ዘንድ ቴፒ ገባ። እዚያ ጥቂት ልጆችና ወገባቸው የያዛቸው ገበሬዎች ያስተምር ነበር ይባላል። ኋላ ታሞ ህመሙ ሲጸናበትም አላስጠራንም።

ቴፒ ለቅሶው ላይ ምህረትን አገኘኋት። አሁን ሸዋ ቤንች ወረዳ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ናት። ወደ ድንኳኑ የሚያወጣውን ጭቃ አቀበት ልጅ አዝላ ወጥታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ትንሽ ካለቀስን በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ተስፉ፣ ያን ቀን ማስተር በእጁ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?»

«ከለከለሽ እንጂ።»

«ግቢ ነው ያለኝ።»

የሰማሁት አልገባኝም ነበር።

«እግሬን መዳፉን እንዳስነካኝ ቀን እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ሁለት ጊዜ፣ ግቢ፣ ግቢ አለኝ። አባቴ ሲጮህ ሰምቶ ይሁን፣ ዕድሌ ሊያመልጥ ነው ብሎ አንጀቱ አልችል ብሎት ይሁን እንጃ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እግሬ ዝግጁ አልነበረም። እሱ በር ላይ ቆሞ ያንን ሊያውቅ አይችልም፤ የማውቀው እኔ ነኛ።»

«እና ለምን ዝም አላችሁ? ያ ሁሉ ስም ሲወጣለት?»

«ልናገር ሄጄ ነበር። ተቆጣኝ። ‹ፈራች ይሉሻል› አለኝ። ‹አንዴ ፈሪ ከተባልሽ በዚህ ከተማ ሰው ፊት አትቆሚም። እኔን ግትር ይበሉኝ፣ ምን ይጎድልብኛል?› ‹እስክሞት ድረስ ለአባትሽም እንዳትናገሪ› ብሎ አስማለኝ።»

ተናደድኩ፤ አልደብቅም። ሞቶ ድንኳን ውስጥ የተቀመጥኩለትን ሰው ተነስቼ ብሰድበው ደስ ባለኝ። ያን ያህል ስጨቀጭቀው አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

«አባትሽስ?» አልኳት።

«ሚዛን አድሬ ዛሬ ጠዋት ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ጫማዬን አምጪልኝ አለኝ።»

በዓይኗ ወደ ድንኳኑ ደጃፍ ጠቆመችኝ። አቶ ደምሴ ከሚዛን ድረስ መጥቶ፣ ኮቱ በዝናብ ርሶ፣ መግባት አፍሮ ውጭ ቆሟል። የማስተር እህት አየችውና ወጥታ እጁን ይዛ አስገባችው። እሷን ሊያጽናና ፊቷ ቆመ። ትከሻዋ ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ እሷም አጽናናችው።